ዝናብ ለያዘው መንገደኛ

ነቀምቴ፥ ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለየሺወርቅ፥

ከሁሉ በፊት የአክስቴን ጉልበት እንዴት እንዳደረጋት ጻፊልኝ። አራት ገጽ ሙሉ ስለ ወለጋ ጠይቀሽኝ ስለ እናትሽ አንድ መስመር አለመጻፍሽን አሰፋችም ታዝባለች። ባለቤቴ እንደ እኔ ዝም አትልም፤ «አስተማሪ ስትሆን ሰላምታ ረሳች» ብላሻለች። እኛ ደኅና ነን፤ ቡናው እየተለቀመ ነው።

ለመንገደኞች መምሪያ መጽሐፍ ማዘጋጀትሽን ወድጄዋለሁ። የወለጋን ምዕራፍ ግን ከእኔ የተሻለ የተማረ ሰው ቢሞላልሽ ይሻል ነበር። እኔ ቡና፥ ቅቤና ማር ከመሸጥ ሌላ የማውቀው እግሬና የጭነት መኪና ያሳየኝን ነው። በየቀኑ የምጽፍበት ደብተር ስላለኝ ከእሱ እየቀዳሁ እመልስልሻለሁ። ያላየሁትን አልጽፍም።

መንገዱ ከአንቺ ወደ እኛ በአምቦ፥ በጌዶ፥ በባኮና በሲሬ ነው። በበጋ ማለዳ የተነሣ መኪና ከቀናው በማግስቱ ነቀምቴ ይገባል። በክረምት ቀን አትጻፊ፤ «እግዚአብሔር በፈቀደ ጊዜ» ብትይ ይበቃል።

ምድሩ ሜዳ ነው ወይስ ተራራ ላልሽው፥ ሁለቱም አይደለም። ታጥፎ ሳይዘረጋ የተጣለ ጋቢ አስቢ፤ በየእጥፋቱ ውኃ አለ። ዴዴሳ ዝቅ ብሎ ቆላ ውስጥ ይሄዳል፤ እዚያ ወባ ስላለ ያለ አጎበር የሚያድር አይኑር። ሻምቡ ብርድ ነው፤ ገብስና ፈረስ። ጊምቢ ቡና ነው። ደምቢ ዶሎ ሩቅ ነው፤ ማሩ ግን ሩቅነቱን ያስረሳል። ዝናቡ ግንቦት ላይ ይጠናና እስከ መስከረም መጨረሻ አይለቅም።

ሰዉ በአብዛኛው ኦሮሞ ነው። ከተማችን ውስጥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ወንጌላውያን ብዙ ናቸው፤ እሑድ መዝሙራቸው እስከ ሱቄ ይሰማል። እንደ አባቶቻችን ከሸዋና ከጎጃም የመጡት በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ናቸው። ገበያ ላይ ግን ማንም በአንድ አፍ አይውልም፤ ዋጋ በኦሮምኛ ይጀመራል፥ በአማርኛ ይካረራል፥ በኦሮምኛ ይታረቃል። ለመንገደኛሽ አንድ ነገር ንገሪው፤ ሰላምታ አያሳጥር። «አካም ጅርታ» ሲባል ስለ ራሱ፥ ስለ ልጆቹና ስለ ከብቱ ይመልስ፤ መልሶም ይጠይቅ። እዚህ ሰላምታ ያሳጠረ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ሰርቋል።

የሕዝቡን ብዛት ጠይቀሽኛል። እኔ ባለሁበት ማንም አልቆጠረም፤ ስለዚህ ቁጥር አልሰጥሽም።

ወንድምሽ በላይ መሸሻ

አዲስ አበባ፥ ታኅሣሥ 3 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ በላይ፥

የእናቴ ጉልበት ተሽሎታል፤ እትዬ አሰፋችን ይቅርታ በልልኝ። ስለ እኔ የምትለው እውነት ነው፤ ተማሪዎቼም «ቲቸር ከደወሉ በፊት ትገባለች» ይሉኛል።

የላክህልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጋቢው የጻፍከውን እንዳለ አስገባዋለሁ። ስለ ስርቆቱ የጻፍከውን ግን ማተሚያ ቤቱ አይቀበለኝም።

የቀረኝ ትልቁ ነገር ማደሪያ ነው። ለየጠቅላይ ግዛቱ አንድ ሰንጠረዥ አለኝ፤ ሦስት ረድፍ ነው፦ ስፍራው፥ የሚገኘው ነገር፥ ዋጋው። የሐረርና የጅማ ሞልቷል። የወለጋ ከነቀምቴ ሆቴሎች በቀር ባዶ ነው። ሰው ከሲሬ በኋላ መንገድ ላይ ቢቀር የት ያድራል? አንተ ራስህ የት ታድራለህ? የስማ በለው አልፈልግም፤ ከደብተርህ ቅዳልኝ።

እኅትህ የሺወርቅ

ነቀምቴ፥ ጥር 2 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለየሺወርቅ፥

እንዳልሽው ከደብተሬ ቀድቻለሁ። አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«ሐምሌ 20 ቀን 1949። ከሲሬ ወጥተን ቱሉ ሎኒ አቀበት ላይ መኪናው ጭቃ ያዘው። ዝናቡ አልቆም አለ። አራት ሆነን ኦቦ ሞረዳ ቤት አደርን። ራት ጩምቦና ወተት። ጠዋት አንጮቴ። ባለቤቱ አልጋውን ለቀውልን መደብ ላይ ተኙ። ዋጋ የለም።»

«መስከረም 6 ቀን 1950። እንደገና ቱሉ ሎኒ። እንደገና ኦቦ ሞረዳ ቤት። ዋጋ የለም።»

ጩምቦ ቅቤ የጠጣ ወፍራም የጤፍ ቂጣ ነው፤ አንጮቴ እንደ ድንች የሚቀቀል ሥር ነው፤ ሁለቱም ለሚከበር እንግዳ የሚቀርቡ ናቸው። ኦቦ ሞረዳ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። አባቴ በበቅሎ ሲነግድ ከእሳቸው ቤት ሌላ አያድርም ነበር፤ እኔም ደጃቸውን ሳልረግጥ አላልፍም። ሌሎቹን ማደሪያዎች በተለየ ወረቀት ጽፌአለሁ።

ወንድምሽ በላይ

አዲስ አበባ፥ ሚያዝያ 18 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ በላይ፥

መጽሐፉ ወጣ! ሦስት ቅጂ በአውቶቡስ ልኬልሃለሁ። ገጽ አርባ አንድን ክፈት፤ ያንተን መስመር ታገኘዋለህ፦

«ቱሉ ሎኒ (ከሲሬ በስተ ምዕራብ)፥ የአቶ ሞረዳ ቤት — አልጋ፥ ራት፥ ወተት፥ ቁርስ — ዋጋ፦ የለም።»

ማረሚያውን ያነበቡት ሽማግሌ «ከመጽሐፉ ሁሉ ደስ የሚል መስመር ይህ ነው» አሉኝ። በክረምቱ የመንግሥት ሠራተኞችና አስተማሪዎች ይዘውት ይወጣሉ። ደርሶሃል ወይ? ምን ትላለህ?

የሺ

አዲስ አበባ፥ ጥቅምት 1 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ በላይ፥

ለሦስት ደብዳቤ መልስ አልሰጠኸኝም። እትዬ አሰፋች በሰው የላከችው ቅቤ ደርሶናል፤ ስለዚህ በሕይወት እንዳለህ አውቃለሁ። ያመጣችው ሴትዮ ስለ መጽሐፉ ስጠይቃት ሳቀችና «እሱን ወንድምሽን ጠይቂው» አለችኝ። ምን ሆነ?

መጽሐፉ አልቆ ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ነው። ስሕተት ካለ እስከ ጥር ድረስ ንገረኝ።

የሺወርቅ

ነቀምቴ፥ ጥቅምት 15 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለየሺወርቅ፥

ዝምታዬ የጥጋብ አይደለም፤ የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ስሕተት የለም። የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው።

ከሰኔ ጀምሮ መኪና አቀበቱ ላይ በቀረ ቁጥር ተሳፋሪው ወርዶ መጽሐፍሽን ይገልጣል። ከዚያ ተሰልፎ ኦቦ ሞረዳ ቤት ይሄዳል። አንቺ አገሩን ስለማታውቂው ልንገርሽ፤ እዚያ ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ «ያ አባ መና»፥ «የቤቱ ጌታ ሆይ» ካለ፥ «ሴኒ»፥ «ግባ» ከማለት ሌላ መልስ የለም። ማን እንደሆነ እንኳ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። ኦቦ ሞረዳ በሰባ ዓመታቸው «ዛሬ አይመችም» ብለው አያውቁም።

ነሐሴ 9 ቀን ሳልፍ ገባሁ። ያየሁትን ከደብተሬ እቀዳለሁ።

ቤቱ ውስጥ ዘጠኝ እንግዳ ነበረ። አንድ ካፖርት የለበሰ ጸሐፊ መጽሐፍሽን በጣቱ እየነካ ይናገራል።

«መጽሐፉ አልጋ ይላል። ይሄ መደብ ነው።»

«ጌታዬ፥» አሉ ኦቦ ሞረዳ፥ «አልጋው ላይ ከእርስዎ የቀደሙ ሁለት አስተማሪዎች አሉ።»

«እሺ፥ ወተቱስ? ወተት ይላል እኮ!»

ባለቤታቸው አዴ ወርቂቱ ከጓዳ መለሱለት። «መጽሐፉ ይላል፤ ላሚቱ ግን ማንበብ አትችልም።»

ሁሉም ሳቀ፤ ጸሐፊውም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አዴ ወርቂቱ ወደ ጓዳ ጠሩኝና ጎተራውን ከፍተው አሳዩኝ። እስከ ታኅሣሥ አዝመራ ያደርሳል የተባለው ጤፍ ከጉልበት በታች ወርዷል። «ኢልማ ኮ፥» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው፤ «ለሞረዳ እንዳትነግረው። እንግዳ ሲያይ ጎተራ አያይም።»

ኦቦ ሞረዳ ደግሞ ወደ ደጅ አውጥተው ሹክ አሉኝ። «በላይ፥ አንተ ከተሜ ነህ። መንግሥት የእኔን ቤት ለምን መዘገበ? ክብር ነው ወይስ ግብር?»

ይህን ጊዜ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «ክብር ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ዝናቡ ሳይበረታ ሄድኩ።

ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ ላክሁና «መጋዘኔ ያፈሳል፤ እስከ ጥር አስቀምጡልኝ፤ ነቀዝ ከሚበላው እንግዳ ቢበላው ይሻላል» ብዬ አስነገርኩ። በስጦታ ቢሆን አይቀበሉኝም ነበር። ይህ ግን ቀዳዳውን መድፈን ነው እንጂ ጣራውን መሥራት አይደለም። የሚመጣው ክረምት እንዳለፈው ከሆነ ያ ቤት ይራቆታል፤ ያራቆትኩትም እኔ ነኝ።

ስለዚህ መስመሩን ፋቂው።

ወንድምሽ በላይ

አዲስ አበባ፥ ኅዳር 2 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ በላይ፥

ደብዳቤህን ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ላሚቱ ሳቀች፤ ስለ ጎተራው አለቀሰች። እኔ ደግሞ ሰንጠረዡን አውጥቼ አየሁት። «ዋጋ፦ የለም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዋጋ አለመቀበልና ዋጋ አለመኖር አንድ እንዳልሆኑ ማወቅ ነበረብኝ። ጥፋቱን ብቻህን አትውሰድ።

መፋቅ ቀላል ነው፤ አንድ መስመር እርሳስ ነው። ነገር ግን ሰውየው ሳይጠየቁ አስገባናቸው፤ አሁን ደግሞ ሳይጠየቁ ልናወጣቸው ነው። እንዲህ አላደርግም። ሂድና ማን እንደጻፈው ንገራቸው። ከዚያ «አውጡኝ» ካሉ እፍቃለሁ። ማተሚያ ቤቱ እስከ ጥር ይጠብቀኛል።

እንዲህ ስልህ ድፍረት እንዳይመስልብህ። ነጋዴ ነህ፤ የተበላሸ ዕቃ ሸጠህ ቢሆን ገዢው እስኪመጣ አትጠብቅም ነበር።

የሺወርቅ

ነቀምቴ፥ ታኅሣሥ 8 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለየሺወርቅ፥

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሦስት ሳምንት በኪሴ ይዤው ዞርኩ። የመጨረሻው መስመር አላስተኛኝም ብል ውሸት ነው፤ እኔ መተኛት አያቅተኝም። ሥራ ግን አላሠራኝም። ባለፈው ማክሰኞ ተነሣሁ።

ብቻዬን አልሄድኩም። የአገሩ ልማድ በደለኛ ሽማግሌ ይዞ፥ እርጥብ ሳር በእጁ ጨብጦ እንዲሄድ ነው። ኦቦ ጆቴ የሚባሉ የአካባቢው ሽማግሌ አሉ፤ እሳቸውን አስቀደምኩ። ኦቦ ሞረዳ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። ሳሩን ሲያዩ ደነገጡ።

«በላይ፥ ሰው ገደልክ?»

«የለም። እርስዎን መጽሐፍ ላይ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። መንግሥት አይደለም።»

ዓይናቸውን ከሳሩ አንሥተው አዩኝ። ከዚያ፥ «መንግሥት መስሎኝ እኮ ነው እስካሁን ያልተቆጣሁት» አሉ። «አንተ ከሆንክማ መቆጣት እችላለሁ።» ተቆጡም። ስለ መጻፌ አልነበረም። ነሐሴ ላይ ጠይቀውኝ ስለ መሸሸጌ ነው። የአባቴን ስም ጠርተው፥ «መሸሻ እንኳን ይህን አላየ» አሉ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ኦቦ ጆቴ ሳሩን ከእጄ ወስደው በመካከላችን አስቀመጡት፤ ይህ «በቃ» ማለት ነው።

እኔም ቶሎ ብዬ፥ «የአክስቴ ልጅ መስመሩን ልትፍቀው ዝግጁ ናት» አልኩ።

ኦቦ ሞረዳ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ልትፍቀኝ? ከተጻፍኩ በኋላ? ሰው ምን ይላል? 'ሞረዳ ሞተ' ይላል። አለመሞቴን ሲሰማ 'ሞረዳ ሰሰተ' ይላል። ከሁለቱ መሞቱ ይሻለኛል።»

«ጎተራውስ?» አሉ አዴ ወርቂቱ ከኋላችን። ማን እንደጠራቸው አላውቅም። «ስም ይበላል ወይ?»

ይህን ጊዜ ጎረቤታቸው ጨመዳ አጥሩን ዘሎ ይመስለኛል፥ ድንገት መካከላችን ቆመ። የሞረዳ እኩያ ነው፤ አብረው ያደጉ ናቸው፤ ከክረምቱ ጀምሮ ግን ሰላም አይባባሉም ነበር። ምክንያቱን ያን ቀን ሰማሁ።

«የጻፍከው አንተ ነህ? አንተን ነው የምፈልገው!» አለኝ። «የእኔ ቤት ከመንገዱ ይቀርባል ወይስ የሞረዳ?»

«ያንተ» አልኩ።

«ታዲያ በእኔ ቤት የሚኖረው ጅብ ነው? ሰዎቹ ዝናቡን ተሸክመው በደጄ ያልፋሉ። 'ሴኒ! ግቡ!' እላቸዋለሁ። መጽሐፉን ያዩና 'አንተ የለህበትም' ይሉኛል። በገዛ አገሬ የለህበትም ተባልኩ!»

«ውሰዳቸው ጨመዳ!» አሉ አዴ ወርቂቱ። «ማን ከለከለህ? ከነመጽሐፋቸው ውሰዳቸው!»

መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ሞረዳ ናቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ወሬው ተሰምቶ ሰው ተሰበሰበ። ጨመዳ ይጻፍ ተባለ። ጨመዳ ከተጻፈ እኛስ ብለው የአቀበቱ አሥራ አንድ ቤቶች ሁሉ ስማቸውን ሰጡኝ። አንዷ መበለት፥ «የእኔን በትልቁ ጻፈው፤ የእኔ እርጎ ይበልጣል» አለች። ከወንዙ ማዶ ያሉትም ሰምተው መጡ። ደብተሬ ላይ አሥራ ዘጠኝ ስም ሲሞላ ኦቦ ጆቴ እጄን ያዙ።

«ልጄ፥ ይህ መጽሐፍ እስከ የት ነው የሚሄደው?»

«እስከ ደምቢ ዶሎ።»

«እንግዲያው ወረቀት አይበቃችሁም። ቤቱን ተውና ዝናቡን ጻፍ።»

እዚያው ተቀምጠን ይህን አወጣን። ኦቦ ጆቴ በኦሮምኛ ተናገሩ፤ እኔ በአማርኛ ጻፍኩ፤ ሁሉም አዳመጠ። እንዳለ አስገቢው፦

«ከሲሬ እስከ ነቀምቴ፥ ከዚያም ወዲያ፦ ዝናብ የያዘው መንገደኛ ወደ ቀረበው ቤት ይሂድ። ከአጥር ውጭ ቆሞ 'ያ አባ መና' ይበል። 'ሴኒ' ሲባል ይግባ። ብዙ ከሆኑ በየቤቱ ይከፋፈሉ። የቀረበለትን ይብላ፤ ያልቀረበለትን አይጠይቅ። ዋጋ አይጥራ። በማግስቱ መርቆ ይሂድ።»

አዴ ወርቂቱ አንድ አስጨምረዋል፦ «መጽሐፉን ከሻንጣው አያውጣ።»

ወንድምሽ በላይ

አዲስ አበባ፥ ጥር 6 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ በላይ፥

ማተሚያ ቤቱ ተቆጥቷል። «ስፍራው» ለሚለው ረድፍ አንድ ስም፥ «ዋጋው» ለሚለውም አንድ ነገር ይጻፍ ይላል። ተከራክሬ የወለጋን ሰንጠረዥ ከነቀምቴ ሆቴሎች በታች በመስመር ዘጋሁት። የእናንተን ጽሑፍ ያለ ሰንጠረዥ፥ በመደበኛው ፊደል አስገባሁት። የአዴ ወርቂቱንም አልተውኩም፤ ማረሚያውን ያነበቡት ሽማግሌ አይወጣም ብለው ሞገቱልኝ።

ስለ ቁጣዬ ይቅርታ። በደብዳቤ መቆጣት ቀላል ነው፤ ሳር ይዞ መሄድ ግን ከባድ ነው።

የሺ

ነቀምቴ፥ ታኅሣሥ 10 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለየሺወርቅ፥

ደብዳቤሽን አሰፋች ከእጄ ነጥቃ አነበበችው። በጥር ዕረፍትሽ መምጣትሽን ስታይ ጎረቤት ሁሉ ሰማት። እኔም ደስ ብሎኛል። ስለ አንድ አገር ሁለት ጊዜ መጽሐፍ አሳትሞ አገሩን አለማየት ነጋዴ ቢያደርገው ያስቀጣል።

ስለ ክረምቱ ለጠየቅሽኝ፥ ደኅና አለፈ። ደብተሬን ሳየው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ አቀበቱ ላይ አሥራ አራት መኪና ቀርቷል። ሰው ግን በየቤቱ ተበተነ። መበለቲቱ ቤት አንድ የመድኃኒት ሻጭ ሦስት ቀን ተቀምጦ እርጎዋን እያወደሰ ሄደ፤ እሷም እርጎው እንደሚበልጥ የተማረ ሰው መሰከረ ትላለች። ጨመዳ በአንድ ቀን ሰባት ሰው አስገብቶ ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያ አወራ። ከሞረዳ ጋር ታርቀዋል፤ ማን ብዙ እንዳስተናገደ ግን እስካሁን አልተስማሙም። የሁለቱ ኩንታል ጤፌ ነገርም አለቀ። ኦቦ ሞረዳ ከአዲሱ አዝመራ ሰፍረው መለሱልኝ፤ «መጋዘንህን አሠራ» አሉኝ። መጋዘኔ እንደማያፈስ ከመጀመሪያውም ሳያውቁ አልቀሩም።

አዴ ወርቂቱ ጎተራቸውን እንደገና ከፍተው አሳዩኝ። እስከ ደረት ይደርሳል።

ቅር ያላቸው ኦቦ ሞረዳ ብቻ ናቸው። ቤታቸው ከመንገዱ ራቅ ስለሚል ዝናብ የያዘው ሁሉ ከእሳቸው በፊት ሌላ ቤት ያገኛል። ክረምቱን በሙሉ የደረሳቸው አምስት ሰው ነው። ነሐሴ ላይ ዝናብ እየወረደባቸው አቀበቱ ሥር ቆመው አገኘኋቸው።

«ኦቦ ሞረዳ፥ ምን ያደርጋሉ እዚህ?»

«በሬ ጠፍቶብኝ ነው» አሉኝ። በሬያቸው ጠፍቶ አያውቅም። ሁለት የረጠቡ አስተማሪዎች ከመኪና ሲወርዱ «ያ አባ መና» ሳይባሉ «ሴኒ» ብለው ይዘዋቸው ሄዱ።

አሁን ስለ አንቺ መንገድ። ሲሬ ላይ ውረጂና ሻይ ጠጪ፤ ከዚያ እስከ ነቀምቴ የሚያስፈራ ነገር የለም። ጥር ስለሆነ መንገዱ ደረቅ ነው፤ አቧራ ነው የሚያስቸግርሽ፤ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ አድርጊ። ማምሻውን እኛ ቤት ትገቢያለሽ ብላ አሰፋች ተዘጋጅታለች። ግን አትቁረጪበት። ባለፈው ሳምንት ለኦቦ ሞረዳ መምጣትሽን ነገርኳቸው፤ የአውቶቡሱን ቀንና ሰዓት አስደገሙኝ። አቀበቱ ላይ ቆመው እንደሚጠብቁሽ ነገሩኝ።

«ኦቦ ሞረዳ፥» አልኩ፥ «ወደ ቤት የሚገባው እኮ ዝናብ የያዘው ነው። ጥር ነው፤ ዝናብ የለም።»

ሰማዩን አንጋጠው አዩ። አንድ ደመና አልነበረም።

«ያን ቀን ይዘንባል» አሉኝ።

ወንድምሽ በላይ